ልጄ በዊልቸር ቴኒስ እንጀራ ትበላለች ወይ?

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «ሰላም አሰልጣኝ፣ የምንኖረው ሆላንድ፣ ሮተርዳም ነው። ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ስትወለድ ጀምሮ አከርካሪዋ ላይ ክፍተት ስላለ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ቴኒስ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት። በቀደም የክለቡ አሰልጣኝ ጠርቶኝ ተሰጥኦ አላት፣ ፌዴሬሽኑ ይያትና ታዳጊዎች ፕሮግራም ትግባ አለኝ። አባቷ ደግሞ ትምህርቷን ትማር፣ ኳስ እንጀራ አይሆናትም ብሎ ድርቅ አለ። እውነት በዊልቸር ቴኒስ ሰው ይኖርበታል? ምን ያህል ያስወጣናል? ትከሻዋስ አይጎዳም? ደሞ እጇ እንደ ግንበኛ እጅ እየደነደነ ነው፣ ምን ልቀባላት?»

እህቴ፣ አላንዛዛብሽም። ይኖርበታል። ግን በሱ ብቻ የሚኖሩትን ሰዎች ከዓለም ዙሪያ ሰብስበሽ ብትጭኛቸው፣ በኔ ግምት ሁለት ሦስት ሚኒባስ ቢሞሉ ነው። ዊልቸሮቻቸውን ሳልቆጥር ነው፤ ለነሱ ሌላ አይሱዙ ያስፈልጋል።

ስለዚህ አንቺም ልክ ነሽ፣ ባለቤትሽም ልክ ነው። እኔ በናንተ ቦታ ብሆን ግን በተሰጥኦዋ አልከራከርም ነበር። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከ17 እስከ 22 ዓመቷ ያለውን ወጪ ማን ይሸፍናል? ለምን እነዚያን ዓመታት እንደመረጥኩ ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገርሽ፤ ምክሬን በዚያው ልክ እንድትመዝኚው። እዚህ አገር ስመጣ ብስክሌት ጠጋኝ ነበርኩ። አንድ ቀን የአንድ ልጅ የስፖርት ዊልቸር ኩሽኔታ ልቀይር ገባሁ፣ በዚያው ቀረሁ። ይኸው 15 ዓመት ሞላኝ። ወንበር አስተካክላለሁ፣ ለታዳጊዎች ደግሞ መግፋት አስተምራለሁ። ራኬት አያያዝ የሚያስተምር ሞልቷል። እኔ ነገሩን ሁሉ የማየው ከጎማው በኩል ነው።

ቴኒሱ ያው ቴኒስ ነው። ሜዳው፣ መረቡ፣ ኳሱ፣ ነጥብ አቆጣጠሩ አንድ ነው። ትልቁ ልዩነት ኳሷ ሁለቴ እንድትነጥር መፈቀዱ ነው፤ ሁለተኛዋ ከመስመር ውጪ ብትነጥርም ችግር የለውም። ጨዋታውን የጀመረው ብራድ ፓርክስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ1976 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራልሽ) ገና በ18 ዓመቱ በበረዶ ሸርተቴ ወድቆ ተጎዳና ዊልቸር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ጄፍ ሚኔብራከር ከሚባል ሰው ጋር ተገናኘ። ሚኔብራከር ያ የሆስፒታል ብረት አልጥም ብሎት የራሱን ቀላል ወንበር በእጁ የሚሠራ ሰው ነበር። እኔ ይሄን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው፤ ስፖርቱ ሲወለድ አንዱ ወላጁ ወንበር ሠሪ ነበር። በ1988 ሴኡል ላይ ለማሳያ ቀረበ፣ ከ1992 ባርሴሎና ጀምሮ ሜዳልያ ያለው የፓራሊምፒክ ውድድር ሆነ። የቀረውን ታሪክ ልጅሽ ከኔ በላይ ሳታውቀው አትቀርም።

አሁን አንድ ነገር አድርጊ። ልምምድ ስትወስጃት ኳሱን ተዪውና እጇን ብቻ እይ። ራኬቱን እንደያዘች ነው ጎማውን የምትገፋው። የራኬቱ እጀታ በጣቶቿና በመግፊያው ቀለበት መሃል ይገባል፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከመዳፏ ግርጌ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር ካለው ሥጋ ነው። አንድ ግፊት። ሁለት ግፊት። ከዚያ አንዱን ጎማ ያዝ፣ ሌላውን ልቀቅ፣ ወንበሩ ዞረ። ይሄ ሁሉ የሚጀምረው ተጋጣሚዋ ራኬቷን ወደ ኋላ ስትስብ ነው፤ ኳሷ መረቡን እስክታልፍ የጠበቀች ልጅ ሁለት ንጥረት ቢሰጧትም፣ ሦስት ቢሰጧትም አትደርስባትም። እግር ያለው ሰው ወደ ጎን ይዘላል። ወንበር ወደ ጎን አይሄድም። ለዚህ ነው እኛ ጋ መቆም ኃጢአት የሆነው። ጥሩ ተጫዋች ኳስ በማትመታበት ጊዜም ትንሽ ትንሽ እየተንከባለለች ነው፤ ከመታች በኋላ ደግሞ ጀርባዋን ለመረቡ ሰጥታ ትዞርና በትከሻዋ ላይ አሻግራ እያየች ከኋላው መስመር ወጣ ብላ ወደ መሃል ትመለሳለች። ለማያውቅ ሰው የምትሸሽ ይመስላል።

አሰልጣኙን «ምን አይተህ ነው ተሰጥኦ አላት ያልከው?» በይው። ፎርሃንዷ (በራኬት እጇ በኩል የምትመታው ምት) ግሩም ነው ካለሽ አመስግኚው፣ ፎርሃንድ ተሠርቶ ይመጣል። «ኳሱ ሳይመታ ነው የምትነሳው» ካለሽ ግን ቡና አፍልተሽ አስቀምጪው።

ወደ ወንበሩ ልምጣ፤ ወጪውም እዚያው ስለሚጀምር። የቴኒስ ዊልቸር ፍሬን የለውም። ትልልቆቹ ጎማዎች ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ብለው ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ያጋደሉ ናቸው፣ ስትዞር እንዳትገለበጥ። ፊት ለፊት ትንንሽ ጎማዎች አሉት፣ ከኋላ ደግሞ ወደ ኋላ እንዳትወድቅ የሚደግፋት ሌላ ትንሽ ጎማ። ወገቧን፣ ጭኗን፣ እግሯን በቀበቶ ታስራለች። በሕጉ ወንበሩ የሰውነቷ ክፍል ነው፤ ኳስ ከነካው ነጥቡ ሄደ። እግሯን መሬት አስነክታ እንደ ፍሬን መጠቀምም ክልክል ነው። ለዚህ ነው ወንበሩ እንደ ሱፍ ልብስ በልክ የሚሰፋው። መቀመጫው አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ከፍ ካለ ሰርቭ (ጨዋታ ማስጀመሪያው ምት) ይጠነክራል፣ እጅ ይረዝማል፤ ዝቅ ካለ ሚዛን ይጠበቃል፣ መዞር ይፈጥናል። ሆዷንና ወገቧን የምታዝዝ ልጅ ከፍ ማለት ትችላለች። የማታዝዝ ከሆነ ከፍታው ይጥላታል። የናንተን ልጅ ሳላይ የቱ እንደሚሻል አልነግርሽም፤ ሳያይ የሚነግርሽ ካለ ደግሞ አትመኚው።

ዋጋው? በልክ የተሠራ አዲስ ወንበር ብዙ ሺህ ዩሮ ነው። ጥሩ ያገለገለ መኪና ትገዢበታለሽ። አሁን ግን አትግዢ! 13 ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ የተለካ ወንበር በሚቀጥለው ዓመት ዳሌዋ ላይ ይጠባል። ከክለቡ በውሰት፣ ወይም ያገለገለ ፈልጊ። ለማዘጋጃ ቤቱም፣ ለኼሜንተው፣ የስፖርት ወንበር ድጋፍ ማመልከቻ አስገቢ። ከተሞቹ እኩል አይሰጡም፣ ከሰጡም ገንዘቡ ለዓመታት መብቃት አለበት ይላሉ፤ ስለዚህ ያንን ዕድል ቁመቷ ሲረጋ ብትጠቀሚበት ይሻላል። የየዕለቱ ወጪ ጎማና ከመነዳሪ ነው። ጎማው በጣም ስለሚነፋ በሙቀት ቀን መኪና ውስጥ ሲቀመጥ ሊፈነዳ ይችላል፣ አንዴ የኔ ቫን ውስጥ ፈንድቶ ጥይት መስሎኝ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ።

አሁን ስለ ብሩ። ፕሮፌሽናሎቹ የሚዞሩት ዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን በሚያስተዳድረው ቱር ላይ ነው። ከታች ትንንሽ ውድድሮች አሉ፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ይሄዳል፣ ከላይ ስላም የምንላቸው አራቱ ግራንድ ስላሞች፦ አውስትራሊያን ኦፕን፣ የፈረንሳዩ ሮላንድ ጋሮስ፣ ዊምብልደንና ዩኤስ ኦፕን። ያገኘሽው ነጥብ 52 ሳምንት ሲሞላው ይወድቃል፤ ስለዚህ ዓምና የሄድሽበት ዘንድሮ ካልሄድሽ ደረጃሽ ቁልቁል ነው። ታመምሽ፣ ወለድሽ፣ ገንዘብ አጣሽ፣ ነጥቡ አይጠብቅሽም። ታች ያሉት ውድድሮች ሽልማት ደግሞ የሆቴሉንም አይሸፍን። ስላም የገባች ተጫዋች ግን የመጀመሪያ ግጥሚያዋን ብትሸነፍም ይዛ የምትወጣው ገንዘብ አለ። ችግሩ በሩ ጠባብ መሆኑ ነው። ለረጅም ጊዜ ስላሞቹ የሚያስገቡት 8 ሴትና 8 ወንድ ብቻ ነበር። ዩኤስ ኦፕን በ2022 ወደ 16 አሰፋው፣ ሌሎቹም እየተከተሉ ሄዱ። ይሄ ለውጥ ከየትኛውም የሽልማት ጭማሪ ይበልጣል ባይ ነኝ፤ 12ኛ የነበረች ሴት በአንድ ጊዜ ሥራ አገኘች ማለት ነው። 20ኛ ያለችው ግን ዛሬም ከኪሷ ነው።

ልዩነቱን ማየት ከፈለግሽ፣ በ2024 ዊምብልደን ላይ በእግሩ ቆሞ ተጫውቶ ያሸነፈ ሰው 2 ሚሊዮን 700 ሺህ ፓውንድ ወሰደ። በዊልቸር የነጠላውን ያሸነፈ 65 ሺህ። ዋንጫው የሚነሳው እዚያው ግቢ፣ ሳሩም ያው ሳር። 65 ሺህ ፓውንድ ለዓለም አንደኛ ነው እንግዲህ። ከሱ ላይ አሰልጣኝ፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ታክስ ቀንሺ።

ሌላም ማንም ቀድሞ የማይነግርሽ ነገር አለ። እዚህ ስፖርት ላይ አንድ ሰው ከላይ ከተቀመጠ ቶሎ አይወርድም። የናንተው አገር ሴት ኤስተር ፌርኼር ከ2003 እስከ ጡረታዋ 2013 ድረስ በነጠላ 470 ግጥሚያ በተከታታይ አሸነፈች። አሥር ዓመት! አንዴ ብቻ ለጥቂት ተርፋለች ማለት ይቻላል፣ በ2008 ቤጂንግ ፍጻሜ ላይ፤ ያገሯ ልጅ ኮሪ ሆማን የግጥሚያ ነጥብ ይዛባት ነበር፣ አመለጠቻትና በሦስተኛውና በመጨረሻው የጨዋታ ክፍል፣ በታይ ብሬክ (በመለያ ነጥብ) ወርቁን ወሰደች። እኔ ያንን ግጥሚያ ሳስብ የማስበው ሆማንን ነው። በዓለም ካሉት ሁሉ የምትበልጪ፣ ከአንዷ በስተቀር፣ ያቺ አንዷ ደግሞ ልምምድ ቦታ ላይ አጠገብሽ ያለች። ከዚያ ዲደ ደ ግሮት መጣች። በ2021 አራቱንም ስላምና የቶኪዮን ወርቅ በአንድ ዓመት ጠራርጋ፣ እስከ 2024 ዊምብልደን 15 ስላም በነጠላ አከታትላ ወሰደች፤ በፓሪስ ፓራሊምፒክ ፍጻሜ ነው ጃፓናዊቷ ዩይ ካሚጂ ያስቆመቻት። እንዲህ ባለ ዘመን ሌሎቹ ምን በልተው ይኖራሉ ካልሽኝ፣ አንዱ መልስ የጥንድ ጨዋታ ነው። ልጅሽ ጥንድ መጫወት ካልወደደች አሁኑኑ አስወድጃት።

እነዚያ ያልኩሽ ዓመታት እዚህ ጋ ይመጣሉ። እስከ 17 ድረስ ልጅ ናት፤ ክለብ ያግዛል፣ ፌዴሬሽን ያግዛል፣ ዘመድ ያግዛል። የዓለም 16 ውስጥ ስትገባ ደግሞ ስላሞቹና ስፖንሰር ያግዛሉ። መሃሉ ባዶ ነው። በነዚያ ዓመታት ነጥብ ለመልቀም ከአገር አገር መዞር አለባት፣ ብዙ ጊዜ ብቻዋን አይሆንም፣ አብሯት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ቲኬቱ ሁለት ነው። ጎበዝ ልጆች የሚጠፉት እዚያ ነው። በችሎታ አንሰው አይደለም፣ ባንክ ሒሳባቸው አልቆ ነው።

አገሮች ይሄን ባዶ ቦታ በየራሳቸው መንገድ ይሞሉታል። የጃፓኑን ሺንጎ ኩኒኤዳን ውሰጂ። በ9 ዓመቱ አከርካሪው ላይ ዕጢ ወጥቶበት ነው ዊልቸር ላይ የተቀመጠው፤ በ11 ዓመቱ እናቱ ናት ሰፈራቸው አጠገብ ወዳለ ቴኒስ ማዕከል የወሰደችው፣ እሱ እንኳን ቅርጫት ኳስ ነበር ያማረው። በ2008 ቤጂንግ በነጠላ ወርቅ ሲያገኝ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተቀጣሪ ነበር። የዓለም ቁንጮ ሆኖ የወር ደሞዝተኛ! ሥራውን ለቆ ፕሮፌሽናል የሆነው በ2009 ነው፣ ለዚያውም ከጃፓን ዊልቸር ቴኒስ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ሆኖ። በኋላ ነጠላና ጥንድ ተደምሮ 50 የስላም ዋንጫ ወሰደ። እሱ እንኳን ደሞዙን የለቀቀው ወርቁን አንገቱ ላይ ካጠለቀ በኋላ እንደሆነ ለባለቤትሽ ንገሪልኝ፣ ነጥቡ ለሱ ነው።

እዚህ ሆላንድ ያለው መንገድ ሌላ ነው። ከፍተኛ ደረጃ የደረሱ አትሌቶች ከብሔራዊ ኦሊምፒክ ኮሚቴው ወርሃዊ ድጎማ ያገኛሉ፣ ስቲፔንዲየም ይሉታል። ልምምዱም አሰልጣኙም በፌዴሬሽኑ ነው። የሆላንድ ሴቶች ለምን እንደማይቀመሱ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ ሌላው እርስ በርስ በየቀኑ መጫወታቸው ነው። ይሄ በሌለበት አገር ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለግሽ የደቡብ አፍሪካዋን ኮታትሶ ሞንትጃንን ተመልከቺ። ሊምፖፖ ውስጥ ያደገች ናት። በ2018 ዊምብልደን ላይ የተጫወተች የመጀመሪያዋ ጥቁር ደቡብ አፍሪካዊት ሴት ሆነች፣ በ2021 እዚያው ለፍጻሜ ደረሰች፣ በ2023 ከካሚጂ ጋር ሮላንድ ጋሮስን በጥንድ ወሰደች። ግን ለዓመታት ስፖንሰር ስታጣ ስታገኝ ነው የኖረችው። ልጅሽ ሮተርዳም ማደጓ ከፎርሃንዷ የሚበልጥ ሀብት ነው፤ ሲመርሽም እውነቱ ይሄ ነው።

ስለ ጉዞ አንድ ነገር ላጫውትሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ወጣት ተጫዋች ጋር ወደ ደቡብ አውሮፓ ሄድን። አየር መንገዱን ስሙን አልጠራም። ሻንጣ መቀበያው ጋ ቆመናል፣ ወንበሩ መጣ፣ የፊቱን ጎማ የያዘው ቱቦ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ፀጉር ያክላል፣ ጥፍሬን ሳስኬድበት ነው ያገኘሁት። ግጥሚያው በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ ፎርም ሰጠችን፤ በ21 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣችኋል አለች። ተጫዋቹ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም። ማታ 3 ሰዓት ላይ ወደቡ አጠገብ ጀልባ የሚጠግን ሽማግሌ አገኘን፤ አሉሚኒየም መበየድ ይችላል። ቋንቋ አንግባባም፣ ስንጥቁን በጣቴ አሳየሁት፣ ራሱን ነቀነቀ። ብየዳው አስቀያሚ ነበር፣ እንደ ጠባሳ ያበጠ፣ ግን ያዘ። ልጁ በማግስቱ ተሸነፈ እንጂ ወንበሩ አልተሸነፈም። ከዚያ ወዲህ ወንበር ፎቶ ሳላነሳው ለአየር መንገድ አላስረክብም፤ ከአራቱም ጎን፣ ከሥሩም። ጎማዎቹን ነቅለን ለብቻ በከረጢት፣ ትርፍ ከመነዳሪና ቁልፎቹን ደግሞ በሌላ ሻንጣ። አንቺም ከአሁኑ ልመጂው።

አንድ ነገር ደግሞ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አስጨርሱ፦ ክላሲፊኬሽን፣ ማለትም በጉዳቷ ዓይነት የትኛው ምድብ እንደምትገባ የሚወሰንበት። ሁለት ምድብ አለ። ኦፕን የሚባለው እግር ላይ ቋሚ ጉዳት ላለበት ነው፣ ኳድ የሚባለው ጉዳቱ እጅንም ለሚጨምር፣ ቢያንስ ሦስት እጅና እግር ለነካ ነው። ኳድ ውስጥ ራኬቱን በቴፕ ከእጃቸው ጋር አስረው የሚጫወቱ አሉ። በአከርካሪ ክፍተት የተወለዱ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ኦፕን ውስጥ ይገባሉ፣ ግን የሚወስነው ወረቀቱ ነው። እንግሊዛዊው አልፊ ሂዌት የስላም ዋንጫዎች ይዞ እያለ፣ በ2019 የወጣ አዲስ መስፈርት የዳሌው ችግር አይበቃም ብሎት ሊያስወጣው ነበር፤ ሁለት ዓመት ገደማ ሥራው በክር ተንጠልጥሎ ቆይቶ በ2021 መጨረሻ ሕጉ ሲሻሻል ነው የተረፈው። ስለዚህ የሐኪም ወረቀቶቿን ሁሉ፣ የሕፃንነቷንም ጭምር፣ በአንድ ፋይል አስቀምጪ።

ትከሻዋን ጠየቅሽኝ። አዎ፣ ሊጎዳ ይችላል። የኩኒኤዳ ክርን ሁለቴ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል፤ በ2016 ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሪዮ ላይ በነጠላ ከሩብ ፍጻሜ ወጥቶ ሊያቆም ሁሉ አስቦ ነበር። ምቱን ቀይሮ ተመለሰና በ2018 አውስትራሊያንና ሮላንድ ጋሮስን ወሰደ፣ የቀረበትን የዊምብልደን ነጠላም በ2022 አገኘ። የልጅሽ ጉዳይ ከቆመ ተጫዋች የሚለየው ትከሻዋ ዕረፍት ስለሌለው ነው። ቴኒሱ ሲያልቅ በዚያው ትከሻ ወደ ቤት ትገፋለች፣ በዚያው ትከሻ ከአልጋ ወደ ወንበር ትሸጋገራለች። መግፋት የፊት ጡንቻን ብቻ ያፈረጥማል፤ የኋላውን በላስቲክ መሳብ ማጠንከር አለባት። ላስቲክ ስል አንድ ነገር፦ በአከርካሪ ክፍተት የተወለዱ ልጆች ላይ የላቴክስ አለርጂ ብዙ ጊዜ ይታያል። የልምምድ ላስቲኮችና አንዳንድ የራኬት መጠቅለያዎች ላቴክስ አላቸው። ሐኪሟን ጠይቂ፣ ለክለቡም አሳውቂ። መቀመጫዋንም ማታ ማታ በመስታወት ራሷ እንድታይ አስተምሪያት። ሕመሙ ላይሰማት ይችላል፣ ቁስል ከጀመረ ደግሞ ወራት ያስቀምጣታል። እና ውሃ መጠጣቷን ተከታተይ። ልጆቹ ሽንት ቤት መሄዱ ስለሚያስቸግራቸው ሳይጠጡ ይውላሉ። ክለቡ ሽንት ቤት ዊልቸር የሚያስገባ መሆኑን ገብተሽ እይ እንጂ «አለ» ስላሉሽ አትመኚ፤ እኔ በሩ ተከፍቶ የፅዳት ባልዲ የተደረደረበት ስንቱን አይቻለሁ።

የባለቤትሽ ነገር። ትምህርት ወይ ቴኒስ ብሎ መክፈል እዚህ አገር ግዴታ አይደለም። ቶፕስፖርት ታለንትስኮል የሚባሉ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ የታዳጊ አትሌት ስታተስ ላለው ልጅ ሰዓቱን ያመቻቻሉ፣ ፈተና ያሸጋሽጋሉ። ስታተሱ የሚመጣው ደግሞ ያ አሰልጣኙ ያለሽ ፕሮግራም ውስጥ ስትገባ ነው። ማለትም ፕሮግራሙ ለትምህርቷም በር ነው። ዕድሜውም ከሌላ ስፖርት ይረዝማል። ኩኒኤዳ ያቆመው በ38 ዓመቱ ነው። ፈረንሳዊው ስቴፋን ኡዴ ፓሪስ 2024 ላይ ሲጫወት 53 ዓመቱ ነበር፤ ሙያው የእንስሳት ሐኪም ነው። ፌርኼር ካቆመች በኋላ በቶኪዮና በፓሪስ የሆላንድ ፓራሊምፒክ ቡድን መሪ ሆነች። ዲፕሎማ ያላት ልጅ በ22 ዓመቷ ብታቆምም ሜዳው ላይ አትቀርም።

እሱ «ጨዋታ ነው» ካለ ደግሞ አበበ ቢቂላን አንሺበት። በ1969 መኪናው ተገልብጦ ከተጎዳ በኋላ የታከመው እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ነው፣ ጉትማን የሚባለው ሐኪም በ1948 የዊልቸር ስፖርት ውድድር የጀመረበት። አበበ እዚያው በ1970 ዊልቸር ላይ ተቀምጦ ቀስት ወረወረ። ሁለት የማራቶን ወርቅ ቤቱ አስቀምጦ ማለት ነው። ከዚህ ወዲያ እኔ በባልና ሚስት መሃል አልገባም።

ፌዴሬሽኑ ሲጠራሽ ሦስት ነገር ጠይቂያቸው፣ መልሱንም ጻፊው። 18 ሲሞላት ድጋፉ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል፣ ከቀጠለስ ስንተኛ ደረጃ ላይ ስትሆን ነው? ወደ ውጭ ውድድር ስትሄድ አብሯት የሚሄደውን ሰው ማን ይከፍላል? ሁለተኛ ወንበርስ? የፈገግታ መልስ ከሰጡሽ ደግመሽ ጠይቂ። ፌብሩዋሪ ላይ እዚያው ሮተርዳም፣ አሆይ አዳራሽ፣ ከትልቁ የቴኒስ ውድድር ጎን የዊልቸሩም አለ፤ ሜትሮ ላይ ወጥታችሁ ነው የምትደርሱት፣ ሦስታችሁም ሂዱ። ከግጥሚያው ይልቅ ልምምዱ ጋ ቁሙ። ልጅሽ ሴቶቹን ትይ፣ አባቷ ደግሞ ከኋላ ቆመው ጎማ የሚነፉትን፣ ሻንጣ የሚጎትቱትን ሰዎች ይይ።

እጇን ረስቼው ነበር። መደንደኑ ጥሩ ነው፣ አትፍሪው፤ ያ ቆዳ ጓንቷ ነው። ችግሩ በጣም ሲወፍር ጫፉ ተነስቶ ይገነጠላል፣ ከተገነጠለ ሳምንት መግፋት የለም። ገላዋን ታጥባ ቆዳው ራስ ሲል በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ ቀስ አድርጋ ታለስልሰው፣ አታጥፋው። ቫዝሊን ማታ ልትተኛ ስትል ቀቢያት። ጠዋት ከልምምድ በፊት ግን እንዳትሞክሪው፤ አንድ እናት ቀብታ ልካልኝ ራኬቱ ከልጁ እጅ አምልጦ የኔን ግንባር አግኝቶታል።